ድንጋዩ ማንን አስፈቅዶ ኖረ?

ጉልበቴን ችያለሁ። የማዳበሪያ ዋጋ ችያለሁ። ሦስት ጋቢ ደርቤም አጥንቴ ድረስ የሚዘልቀውን የወሎዋን የኩታበርን የሐምሌ ብርድ ይኸው እስከዛሬ ችያለሁ። በስተርጅና ግን «ከቤትዎ ፊት ያለው ጋራ በእርግጥ አለ ወይ?» የሚል ጥያቄ ይመጣብኛል ብዬ አላሰብሁም። ጋራው ላይ በልጅነቴ ከብት ጠብቄበታለሁ። ወድቄ ክንዴን የሰበርሁትም እዚያው ነው። አሁን በዚህ ዕድሜ ለጋራ ምስክር ቁጠር ልባል? ያ ረቢ!

ጥያቄውን ያመጣው የልጄ ልጅ ነው። ሕግ ይማርልን፣ ካልሆነም የሒሳብ ሥራ ይያዝ ብለን ዩኒቨርሲቲ ላክነው፤ እሱ ፍልስፍና ይዞ አረፈው። በግ ሸጠን ስልክ ገዛንለት፤ ስልኩን ከሞቱ ዘመን ባስቆጠሩ ፈረንጆች መጽሐፍ ሞላው። ለእረፍት ሲመጣ ቡናው ገና አቦል ላይ ሳለ ይጀምረኛል። «አባባ፣ አንቱ ጋራው አለ የሚሉት ስላዩት ነው። ማንም ባያየው፣ ማንም ባያስበው፣ አለ ማለት ምን ማለት ነው?»

ሌላ ሽማግሌ ቢሆን «አዑዙ ቢላህ» ብሎ ይነሳ ነበር። እኔ ግን ጡረታ የወጣሁ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ፤ ተማሪ ጠየቀ ብዬ ማባረር አልለመደብኝም። «እስቲ ማን ነው ይህን ያስተማረህ?» ብዬ ተቀመጥሁ። ያ መቀመጥ ነው ያስጠቃኝ።

ነገሩን የለኮሰው ጆርጅ በርክሊ የሚባል የአየርላንድ ሰው ነው አለኝ። እ.ኤ.አ. በ1710 ባሳተመው መጽሐፍ፣ የአንድ ነገር መኖር መታየቱ፣ መዳሰሱ፣ መሰማቱ ነው እንጂ ከዚያ ወዲያ ቁስ የሚባል ነገር የለም ብሎ ጻፈ። ሃያ አምስት ዓመቱ ነበር። በዚያ ዕድሜ የኛ አገር ጎረምሳ ጎጆ ያቆማል፤ እሱ የቆመውን አፈረሰ። ቆይቶ ጳጳስ ሆነ። የፈጣሪን ሥራ የለም የሚል ጳጳስ ብዬ ልቆጣ ስነሳ ልጁ አስቀመጠኝ። ለካ ሰውየው ብልጥ ነው፤ ሰው ሁሉ ቢተኛ ፈጣሪ አይተኛምና ጋራው በእሱ እይታ ውስጥ ጸንቶ ያድራል ብሏል። እንዲያ ከሆነ ከኛ ሼሆች ጋር በረካ ድረስ መቀመጥ ይችል ነበር። ኋላም የሬንጅ ውሃ ለብዙ በሽታ መድኃኒት ነው ብሎ መጽሐፍ ጽፏል ሲለኝ ጭራሽ ወደድሁት። የእኔን ጉልበት ግን የሬንጅ ውሃም አያድነው።

ሳሙኤል ጆንሰን የሚሉት የእንግሊዝ መዝገበ ቃላት አዘጋጅ እ.ኤ.አ. በ1763 ይህ የበርክሊ ነገር ሲነሳበት፣ ትልቅ ድንጋይ በእግሩ መትቶ መልሴ ይኸው ነው አለ ይባላል። ይህ ሰው የእኛ አገር ሰው ነው! ፈላስፎች ግን ይስቁበታል። ሕመሙም ቢሆን ያው ስሜት ነው፣ ምንም አላስረዳም ይላሉ። ይሳቁ። እኔ የኩታበርን መንገድ በጨለማ ስወጣ ስወርድ በየሳምንቱ በርክሊን እረታዋለሁ፤ የአውራ ጣቴ ጥፍር ምስክር ነው። ድንጋዩም ተራ ድንጋይ እንዳይመስላችሁ። ባዛልት ነው። የዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ምድር ተሰንጥቃ ያፈሰሰችው እሳተ ገሞራ እየተነባበረ ነው ይህን ደጋ የሠራው። አሁን ፍልስፍና የሚደሰኮርበት መሬት እንዳለ የዚያ የእሳት ትፍ ነው። ይህን ሁሉ ዘመን ኖሮ ዛሬ መኖሩን በእኛ ፊርማ ያጽድቅ?

ከዚያ ካንት መጣ። ኢማኑኤል ካንት የሙያ ጓደኛዬ ነው፤ አርባ ዓመት ያህል ጂኦግራፊ አስተምሯል። የሚገርመው ከተወለደበት ከኮኒግስበርግ አካባቢ ርቆ አልሄደም። እኔ ተማሪዎቼን ይዤ በሽሎ ሸለቆ ልውረድ ስል በጀት የለም እየተባልሁ ተራራውን በጠመኔ ስስል ኖሬያለሁ፤ ለካ ትልቁ ካንትም እንደኔው ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ1781 ባወጣው ትልቅ መጽሐፉ እንዲህ ይላል አሉ፦ ጊዜና ቦታ ከነገሮቹ ጋር የተወለዱ አይደሉም፣ እኛ ለማየት ይዘናቸው የምንመጣ ናቸው፤ የምናውቀው ነገሩ ለእኛ የሚታይበትን መልክ ብቻ ነው፣ ነገሩ በራሱ ምን እንደሆነ ግን አናውቅም። ልጁ ሲያስረዳኝ፣ «ማውለቅ የማንችለው መነጽር አድርገው ያስቡት» አለኝ።

መነጽር ይሁን፣ አልጣላም። እኔ መነጽሬን ሳወልቅ ይኸው ልጅ ራሱ ጉም ነው የሚሆንብኝ፤ ጉም ሆነ ብዬ ግን ምሳውን አልከለከልሁትም። ካንትም ቢሆን ነገሩ የለም አላለም። አለ፣ እኛ ግን አንደርስበትም ነው ያለው፤ ይህ የጨዋ ንግግር ነው። ነገሩን ያበላሹት ተከታዮቹ ናቸው። ፊክተ የሚሉት ተነስቶ፣ የማይታወቅ ነገር ምን ያደርግልናል ብሎ «ነገሩ በራሱ» የሚባለውን ጨርሶ ጣለው። ከዚያ ወዲህ ብዙው ፈላስፋ ስለ ዓለም ሲጠየቅ ስለ ራሱ ይመልሳል አሉ። ጋራውን ስታሳየው ጋራውን ስለሚያየው ስለ ራሱ ያወራልሃል። ጊዜ ከእኛ ጋር የመጣ ነው ለሚለው ደግሞ ጉልበቴን ልኬለታለሁ፤ ያ ሁሉ ዓመት ከየት እንደገባበት ይመርምርልኝ።

በነገራችን ላይ የሊቃውንት ክርክር ለእኛ አገር እንግዳ አይደለም። ቦሩ ሜዳ ከኩታበር ብዙ አይርቅም። በ1870 ዓ.ም አፄ ዮሐንስ ባሉበት፣ ምኒልክም በተገኙበት፣ የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ስለ ክርስቶስ ባሕርይና ልደት እዚያ ሜዳ ላይ ተከራከሩ። ነገሩ የተዘጋው በንጉሥ ፍርድ ነው። ከዚያ ተርፎ ክርክሩ ውስጥ ላልነበርነው ለወሎ ሙስሊሞች ሃይማኖት ቀይሩ የሚል ትእዛዝ ደረሰን። ስለዚህ ሊቃውንት ስለ ባሕርይና ስለ ህላዌ ሲሟገቱ የሰማ የወሎ ሽማግሌ በጉን ቆጥሮ በሩን ቢዘጋ አይፈረድበትም።

ልጁ ግን ሰነፍ አይደለም፤ በራሴ ዱላ መጣብኝ።

«አባባ፣ ረመዳን የሚገባው ጨረቃ ስትታይ አይደል? ካልታየች አንጾምም። እንግዲያው የወሩ መኖር በሰው ዓይን ላይ ቆሟል ማለት ነው።»

ቡናዬን አስቀመጥሁ። ይህች እንኳ ጥሩ ምት ነበረች፤ ባላደንቅ ግፍ ነው። «እሺ የኔ አባት» አልሁት፣ «ሻዕባን 29 ማታ እንደዚህ እንደኛ አገር ጉም ወርዶ ሰማዩ ቢዘጋስ ምን እናደርጋለን?»

«ሻዕባንን 30 እንሞላለን።»

«ከዚያስ?»

«በማግስቱ እንጾማለን።»

«ጨረቃዋን ሳናይ?»

ዝም አለ። እኔ ቀጠልሁ። ጾሙ የታዘዘው በማየታችን ነው፣ እውነት ነው፤ ግዴታው የእኛ ስለሆነ በእኛ አቅም ተለካ። ጨረቃዋ ግን በእኛ አቅም አልተለካችም። ሰላሳው ሲሞላ ሳናያት የምንጾመው ከጉሙ ኋላ መንገዷን እንዳልሳተች ስለምናውቅ ነው።

«አሃ! ስለምናውቅ አሉ!» ብሎ ዘለለ። «ይኸው ተመልሰው ማወቅ ውስጥ ገቡ!»

እዚህ ላይ ከዘራዬን ፈልጌ ነበር። አላህ ይቅር ይበለኝ፣ አጠገቤ አልነበረም። ቁጣዬ ሲበርድልኝ ግን የልጁ ሞኝነት የቱ ጋ እንዳለ ታየኝ። ስለ ጨረቃዋ የምናገረው ስላወቅኋት ነው፣ ይህንን ማን ይክዳል? ያላወቀ ምን ይናገራል? እሷ ግን ስላለች አወቅኋት እንጂ ስላወቅኋት አልኖረችም። እነዚህ ፈላስፎች ጋሪውን ከፊት አስረው በቅሎዋን ከኋላ ያስከትላሉ፤ ከዚያ አልሄድ አለን ብለው መጽሐፍ ይጽፋሉ። አይንስታይንም ከወዳጁ ጋር በእግር ሲሄድ፣ ጨረቃ የምትኖረው እኔ ሳያት ብቻ ነው ብለህ በእርግጥ ታምናለህ ወይ ብሎ ጠይቆት ነበር አሉ። ጠያቂው ጤነኛ ሰው ነው። ስለ ኳንተም የሚወራውን ግን እዚህ አላነሳም፤ ራሴን ያመኛል።

ይህ ሁሉ የቡና ጨዋታ ነው ብላችሁ እንዳታልፉት። በቅርቡ ለአንድ ጉዳይ አንድ መሥሪያ ቤት ሄድሁ፤ የቱ እንደሆነ ይቅር። ልጅቷ ኮምፒውተሯን ነካክታ፣ «አባቴ፣ ሲስተም ላይ የሉም» አለችኝ።

«እኔ እኮ እዚህ ቆሜያለሁ።»

«አይቻለሁ። ግን ሲስተሙ አያውቅዎትም።»

አስተውሉ! በርክሊ እንኳ ከታየሁ ለመኖሬ ይበቃው ነበር። ይህች ልጅ እያየችኝ፣ «አባቴ» እያለችኝ፣ ወንበር ስባልኝ፣ የሉም አለችኝ። ፍልስፍናዋ ከአየርላንዱ ጳጳስ አልፏል። ለመኖሬ ሦስት ምስክርና ሁለት ጉርድ ፎቶ አምጣ ተባልሁ። ፎቶዬን ከእኔ ይበልጥ አመኑት።

ይህን ስነግራቸው ሰፈሩ ይስቃል፤ እኔም እስቃለሁ። ወሎ ውስጥ ግን ይህ ነገር ያላሳቀበት ዘመን ነበር። በ1965 ዓ.ም ዝናብ ከድቶን፣ ይበልጡን በራያ፣ በየጁና በቆላው አፋር፣ ሰው እንደ ቅጠል ረገፈ። የራበው ሕዝብ ከደሴ አዲስ አበባ በሚወስደው አውራ ጎዳና ዳር ተሰልፎ መኪና ይለምን ነበር። እኔ ያኔ ጀማሪ መምህር ነበርሁ፤ ስም ስጠራ «አቤት» የሚለኝ በየሳምንቱ እየሳሳ ሄደ። አዲስ አበባ ላይ ግን ረሃብ የለም። ሪፖርት ተጽፏል፣ የሚያነበው የለም፤ ያነበበው ደብቆታል። የዩኒቨርሲቲ መምህራን ፎቶ አንስተው ቢያሳዩም የንጉሡ መንግሥት ነገሩ እንዳይሰማ ፈለገ። ጥቅምት 1966 ዓ.ም ጆናታን ዲምብልቢ የሚባል እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ ፊልም ሠርቶ በአገሩ ቴሌቪዥን አሳየ፤ ስሙንም «ያልታወቀው ረሃብ» አለው። ከዚያ በኋላ ነው ወሎ መራቡ የታመነው። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም ማታ ደርግ ያንኑ ፊልም ከቤተ መንግሥቱ ድግስ ጋር አቀላቅሎ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አስተላለፈ፤ በማግስቱ ንጉሡን አወረደ። እንግዲህ የእኛ ሙታን ሞተው እንዲቆጠሩ የለንደን ተመልካች ሶፋው ላይ ተቀምጦ ማየት ነበረበት ማለት ነው። ለዚህ ነው መኖር መታወቅ ነው የሚለኝን ሰው ዓይኑን የማየው። አዋቂው ማን ሊሆን ነው? ሁልጊዜ መዝገብ ያለው ነው።

ልጁ አንገቱን ደፍቶ ሰማኝ። ቆይቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አባባ፣ ረሃቡን እኮ የራበው ሰው ያውቀው ነበር። የማንም ሰው ዕውቀት ያልነካው አልነበረም» አለ።

ልክ ነው። ነገረኛ ቢሆንም ልክ ነው። ማንም ሰው ያላወቀው ነገር ማምጣት ነበረብኝ። ሩቅ አልሄድሁም።

ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም እሑድ ነበር። ባለፈው ሌሊት ደርግ 60 ገደማ ባለሥልጣናትንና መኮንኖችን ረሽኖ አገር ደንግጦ ሬዲዮ ላይ ተጥዷል። በዚያው ዕለት ከእኛ ደጋ በስተምሥራቅ፣ ቁልቁል በአፋር በረሃ፣ ሃዳር ላይ፣ ዶናልድ ጆሃንሰን የሚባል አሜሪካዊ መሬት ላይ የወደቀ የክንድ አጥንት አየ። ድንቅነሽ ናት። ሃዳር ያን ጊዜ በወሎ ሥር ስለነበር እኔ የወሎ ልጅ ነው የምላት፤ አፋሮች ወንድሞቼ አይቆጡኝ። ቁመቷ አንድ ሜትር ከአሥር አካባቢ፣ ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት። በሞተች ጊዜ ካንት የለም፣ ዩኒቨርሲቲ የለም፣ «ሰው» የምንለውም ገና አልመጣም። ታዲያ ሞተች ወይስ አልሞተችም?

«እሷ ራሷ ታይ ነበር፤ ዛፉን፣ ውሃውን...» አለ።

«እሺ፣ ለእሷም ትቁጠርላት። ይህ የቆምህበት ድንጋይ እኮ ሲፈስ እሷ ልትወለድ 27 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ይቀራታል። ምድር ደግሞ 4.5 ቢሊዮን ዓመቷ ነው። ያኔ ትል እንኳ የለም። ማን አያት?»

ፈገግ አለ። «አባባ፣ ይህንኑ ያለ ፈረንሳዊ አለ።»

አያችሁ ተንኮል? መልሱን በስልኩ ይዞ ነው ያደከመኝ! ካንታን ሜያሱ ይባላል፤ ስሙ ቢመስልም ከካንት ጋር አይዛመድም። እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተመው ቀጭን መጽሐፍ፣ ከካንት ወዲህ ያሉ ፈላስፎች ከሐሳባችን የተለየ ዓለም እንዳንናገር አጥር ሠሩብን ብሎ ተነሳ። ሕይወት ሳይኖር የነበረውን ዘመን የሚመሰክር ዓለት ጠቅሶ፣ ይህን ምን ትሉታላችሁ ብሎ አፋጠጣቸው። እነሱም ሳይንቲስቱን አይክዱትም፤ ምድር ከ4.5 ቢሊዮን ዓመት በፊት ተሠራች ሲላቸው አዎ ይላሉ፣ ከዚያ ጅራቷ ላይ አንዲት ቃል ይቀጥላሉ፦ «ለእኛ»። ድንቅነሽ ሞተች፤ ለእኛ። እሳተ ገሞራው ፈሰሰ፤ ለእኛ።

ይህችን «ለእኛ» ከሰማን ወዲህ ቤታችን ሰላም የለም። ልጁ ጀበና ሰብሮ አያቱ ስትጮህ፣ «እማማ፣ የተሰበረው ለእኛ ነው፤ በራሱ ምን እንደሆነ አይታወቅም» አላት። በራሱ ምን እንደሆነ እሷ አሳየችው። ያን ቀን ፍልስፍና ከቤታችን እየሮጠ ወጣ።

ሜያሱም ቢሆን ሙሉ በሙሉ አልካሰኝም። ዓለም ያለ እኛ ትኖራለች ብሎ ደስ ካሰኘኝ በኋላ፣ የተፈጥሮ ሕግጋት ለምን እንዲህ እንደሆኑ ምክንያት የላቸውም፣ ነገ ያለ ምንም ምክንያት ሊለወጡ ይችላሉ ይላል አሉ። ጋራውን መለሰልኝ፣ ነገን ወሰደብኝ። ፈላስፋ ባዶ እጁን አይመጣም፤ ባዶ እጁንም አይሄድም።

አንድ ነገር ልጨምር። አዲስ አበባ ሄጄ ድንቅነሽን ብሔራዊ ሙዚየም ውስጥ አይቻታለሁ። በመስታወቱ ውስጥ ለጎብኚ የምትታየው ቅጂዋ ናት፤ ዋናው አጥንት እንዳይጎዳ ለብቻው ተቆልፎ ይቀመጣል። ተገቢ ጥንቃቄ ነው። ይህን ለልጁ ስነግረው በሳቅ ፈነዳ። «አባባ፣ ካንት ረታዎት! መልኩ ለእኛ፣ ነገሩ በራሱ በካዝና!»

አልረታኝም። እ.ኤ.አ. በ2007 ካዝናው ተከፍቶ ዋናዋ ድንቅነሽ አሜሪካ ሂውስተን ሄዳለች፤ እዚያ የከፈለ ሁሉ ነገሩን በራሱ አይቶታል። ለ3.2 ሚሊዮን ዓመት ግን ትኬት የቆረጠ የለም፤ እሷም በሌለ ተመልካች አኩርፋ ከመኖር አልቀረችም።

አዲስ አበባ ያላችሁ፣ ልጃችሁ ፍልስፍና ልማር ቢላችሁ አትከልክሉት፤ ከልክለን አይተነዋል፣ አይሆንም። ክፍል ከመግባቱ በፊት ግን አንድ ጠዋት ሙዚየሙ ውሰዱትና ከድንቅነሽ ፊት አቁሙት። ቅጂም ብትሆን ትበቃዋለች።